ባሕሩስ እንዲህ ነው ወይ?



በዚህ እትም የምንጽፍላችሁ ስለ ባሕር ነው። በሸራ የሚሄድ ጀልባ ውኃው በሚጣደፍበት ጠባብ ሰርጥ እንዴት እንደሚያልፍ እናወራለን። ርዕሱን ለአዘጋጆቹ ስንነግራቸው፣ «ከዋግ ደጋ የመጣችሁት ስለ ባሕር ልትጽፉ ነው?» ብለው ስቀውብናል። መሳቃቸው አይፈረድባቸውም። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ዳርቻ የላትም። ይህን ከምንጽፈው አምስት ተማሪዎች መካከልም ባሕር በዓይኑ ያየ አንድም የለም።

ሆኖም ባሕሩ ወደ እኛ ባይመጣም እኩዮቻችን ወደ እሱ እየወረዱ ነው። ከዋግ ኽምራ ደጋ፣ ከወሎ፣ ከሌላውም የአገራችን ክፍል ተነሥተው በአፋር በረሃ፣ በሎጊያ በኩል አድርገው ጅቡቲ ይገባሉ፤ ከዚያም ኦቦክ ዳርቻ ላይ ጀልባ ይጠብቃሉ። ማዶው የመን ነው። ከየመን ወዲያ ሳዑዲ ዐረቢያ። በመካከል ያለችው ጠባብ ውኃ ስሟ ባብ ኤል መንደብ ይባላል፤ በዐረብኛ የለቅሶ በር ማለት ነው። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ስለዚያች በር ጥያቄ ስለቀረበልንና መልሱም አማና ሆኖ ስለቀረብን ነው።

ወንዙ ዳር

ባለፈው ክረምት ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወደ ደሃና ከሄዱት ተማሪዎች መካከል ነበርን። ሦስታችን የሰቆጣ ከተማ ልጆች ነን፤ ሁለታችን ከደቡብ ወሎ ነን። ደሃና ከሰቆጣ በስተደቡብ ምዕራብ ያለ ወረዳ ነው፤ ዋና ከተማው አምደወርቅ ይባላል። አገሩ ተራራና ገደል ነው፤ ወንዞቹም ወደ ተከዜ ይወርዳሉ። በበጋ ከድንጋይ ድንጋይ እየተረገጠ የሚታለፍ ወንዝ በነሐሴ ሌላ ፍጥረት ይሆናል።

አንድ ቀን መጻሕፍት በአህያ ጭነን የክረምት ትምህርት ወደሚሰጥበት መንደር ስንሄድ ወንዙ ሞልቶ ደረስን። ከእኛ በላይ ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ነበር፤ በስተላይ ግን ተራራው በጥቁር ደመና ተሸፍኗል። ከመሻገሪያው አጠገብ ዛፍ ሥር የተቀመጡ አንድ አዛውንት ወደ ውኃው እንዳንጠጋ በዘንጋቸው ከለከሉን። «ልጆቼ፣ ይኼ ውኃ የዚህ አገር አይደለም፤ የላይኛው አገር ዝናብ ነው። እስኪያልፍ እንግዳ ነው፤ እንግዳን ደግሞ አይገፉትም» አሉን። ከዚያ ተነሥተው ውኃው ጠርዝ ላይ ሦስት ድንጋይ ደረደሩ፤ አንዱን አፋፉ ላይ፣ ሁለተኛውን ዝቅ አድርገው፣ ሦስተኛውን ውኃው ውስጥ። «ሦስተኛው ሲገለጥ እንነጋገራለን» ብለው ተቀመጡ።

ከዙህር በፊት የጀመርነው ጥበቃ እስከ ዐስር ቆየ። ሶላት እንደደረሰብን ስንነግራቸው፣ «ጸሎታችሁን አድርሱ፤ ውኃውም እስከዚያ ይደክመዋል» አሉ፤ ውዱእ የምናደርግበትን ጥሩ ውኃም ከጎን ከምትወርድ ምንጭ አሳዩን። ከሶላት በኋላ ሦስተኛው ድንጋይ ተገልጦ አገኘነው።

ያኔም ቢሆን በቀጥታ አላሻገሩንም። ከፊታችን ወንዙ የጠበበበት፣ ማዶው የቀረበ የሚመስል ቦታ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ላይ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ወስደው ወንዙ ተዘርግቶ ወደሚፈስበት አመጡን። «ጠባቡ ያታልላል። ውኃው ያው ነው፤ ቦታ ሲያጣ ይጠልቃል፣ ይፈጥናልም። ሰፊው ቦታ ላይ ግን ይሳሳል» አሉን። ጉልበት ያለውን ከላይ በኩል አቁመው፣ ክንድ ለክንድ አያይዘው፣ ማዶ ያለች አንዲት ነጭ ድንጋይ ከኋላዋ ካለ ግራር ጋር አስተያይተው አሳዩን። ድንጋዪቱና ግራሩ በአንድ መስመር እስከታዩ ድረስ መንገዳችን ልክ ነው፤ ሲለያዩ ግን ውኃው እየወሰደን ነው ማለት ነው። አማርኛችን «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው በከንቱ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባን። ውኃው ሲወስድህ መወሰድህን አታውቀውም፤ የምታውቀው ከውኃው ውጭ የቆመ ነገር ስታይ ብቻ ነው።

ማዶ እንደደረስን መጻሕፍታችንን ተሸክሞ ያሻገረን ወጣት ጥያቄውን አቀረበ። 12ኛ ክፍልን የፈጸመ፣ በብሔራዊ ፈተናው ያልቀናው፣ በዕድሜ ከእኛ የማይበልጥ ልጅ ነው። ወደ ኦቦክ ሊሄድ ከጓደኞቹ ጋር እንደተማከረ መንገድ ላይ ነግሮናል። አዛውንቱን፣ «አባባ፣ ባሕሩስ እንዲህ ነው ወይ?» አላቸው። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ «እኔ የማውቀው ይኼን ውኃ ነው፤ ባሕር አላውቅም። እነዚህ የተማሩ ናቸውና እነሱን ጠይቅ» አሉና ወደ እኛ አመለከቱ።

በዚያ ሰዓት የምንመልሰው አልነበረንም። ወደ ግቢ ስንመለስ ግን ከቤተ መጻሕፍት የጂኦግራፊ መጻሕፍትን፣ የባሕር ጉዞ መማሪያዎችንና የሲራ ኪታቦችን አንሥተን ጥያቄውን ተካፈልን። ያገኘነው ይህ ነው።

ውኃው ለምን ይሮጣል?

ባብ ኤል መንደብ ቀይ ባሕርን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚያገናኝ ሰርጥ ነው። ከየመን እስከ ጅቡቲ ያለው ስፋት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመካከሉ ፔሪም የምትባል ደሴት አለች፤ የመኖች ማዩን ይሏታል። ደሴቲቱ ሰርጡን ለሁለት ትከፍለዋለች። በየመን በኩል ያለው ጠባቡ መተላለፊያ ስፋቱ 3 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ 30 ሜትር ያህል ነው። በአፍሪካ በኩል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ጥልቀቱም ወደ 300 ሜትር ይደርሳል።

በዚህ በር ውኃውን የሚያሯሩጡት ሦስት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው የቀይ ባሕር ጠባይ ነው። ቀይ ባሕር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይገባበትም። የእኛ ተከዜ እንኳ ወደ ምዕራብ ዞሮ፣ ከአትባራ ጋር ተቀላቅሎ፣ በአባይ በኩል ሜዲትራንያን ይገባል። ፀሐዩ ደግሞ ብርቱ ነው፤ ከባሕሩ እየተነነ የሚሄደው ውኃ ብዙ ነው። የጎደለውን የሚተካው በባብ ኤል መንደብ በኩል ከውቅያኖስ የሚገባው ውኃ ነው። ጨው የበዛበት ከባድ ውኃ ደግሞ ከሥር በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። ስለዚህ በሰርጡ ላይኛውና ታችኛው ውኃ ወደ ተለያየ አቅጣጫ ሊሄድ ይችላል።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። በደቡባዊው ቀይ ባሕር ከጥቅምት አካባቢ እስከ ግንቦት ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ የላዩንም ውኃ ወደ ቀይ ባሕር ያስገባል። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል፤ የላዩም ውኃ ወደ ውጭ ይፈስሳል። በሁለቱም ዳርቻ ያሉት ተራሮች ነፋሱን እንደ ወናፍ ያጠቡታል፤ ስለዚህ በሰርጡ ላይ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይበረታል።

ሦስተኛው ጨረቃ ናት። ጨረቃና ፀሐይ የባሕርን ውኃ ይስባሉ፤ ውኃውም ይሞላል፣ ይሸሻል። በብዙ የዓለም ባሕሮች ይህ በቀን ሁለት ጊዜ ይሆናል፤ ከሙላት እስከ ሽሽት ስድስት ሰዓት ከሩብ ያህል ነው፤ በየቀኑም ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ ይሄዳል። በኤደን ባሕረ ሰላጤ ግን የቀኑ ሁለት ሙላቶች እኩል አይደሉም፤ አንዱ ከሌላው ይበልጣል። በቀይ ባሕር መካከል፣ በጅዳና በፖርት ሱዳን አካባቢ፣ ሙላቱ ከነጭራሹ የማይታወቅ ያህል ትንሽ ነው። በአንዱ ወደብ የተማሩት ሰዓት በሌላው ወደብ አይሠራም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ቅርብ የሆነ ነገር አለ። የባሕርን ሙላት በፀሐይ የቀን አቆጣጠር ማወቅ አይቻልም፤ በሂጅራ አቆጣጠር ግን ይቻላል። ጨረቃ አዲስ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን፣ ማለትም በወሩ 1ኛና 15ኛ ቀን አካባቢ፣ ፀሐይና ጨረቃ በአንድ መስመር ሆነው ስለሚስቡ ሙላቱም ሽሽቱም ትልቅ ይሆናል፤ ጉልበቱም በአንድ ሁለት ቀን ዘግይቶ ይበረታል። በ7ኛውና በ22ኛው ቀን አካባቢ ግን ሁለቱ ተሻግረው ስለሚስቡ ውኃው ይለዝባል። አያመል ቢድን፣ 13ኛውን፣ 14ኛውንና 15ኛውን ቀን የምንጾም ሁላችን፣ በእነዚያ ሌሊቶች ጨረቃዋን ቀና ብለን ስናይ ባሕሩም በየሰርጡ ወደ ትልቁ ጉልበቱ እየወጣ ነው። ሱብሓነላህ! በጉበታችን ላይ የምናያት ጨረቃ ለመርከበኛው ሰዓቱ ናት።

ይህ ሁሉ ውኃ በሰፊው ባሕር ላይ ቀስ ብሎ ይሄዳል። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ቦታ ያጣል። የደሃናው አዛውንት ስለ ጠባቡ መሻገሪያ የነገሩን ሕግ በባሕርም ያው ነው፤ ውኃው ሲጠብ ይፈጥናል።

መርከበኛው ምን ያደርጋል?

በሸራ የሚሄድ ጀልባ ሞተር የለውም፤ ስለዚህ ውኃውን በጉልበት አይረታውም። ለምሳሌ ጀልባው በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ቢሆንና ውኃው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ከፊቱ ቢመጣበት፣ ሸራው ተነፍቶ፣ ቀፎው አረፋ እየደፈቀ፣ ከዳርቻው አንጻር የሚጓዘው 3 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ያው ጀልባ ውኃው ከኋላው ሲሆን 13 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ልዩነቱን ያመጣው የመርከበኛው ብርታት ወይም የጀልባው ዋጋ አይደለም፤ የተነሡበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ የመርከበኛ የመጀመሪያ ሥራ መጠበቅ ነው። ውኃው ከመሙላት ወደ መሸሽ ሲዞር፣ ወይም ከመሸሽ ወደ መሙላት ሲመለስ፣ በመካከል የሚያርፍባት አጭር ጊዜ አለች። ጠባቡን ቦታ በዚያች ጊዜ ለመድረስ ያሰላል። ከዚያ በኋላ ፍሰቱ እንዴት እንደሚበረታ የሚያስታውሱበት የቆየ ስሌት አላቸው። የስድስቱን ሰዓት ውኃ 12 እጅ አድርገው ያስቡታል። በመጀመሪያው ሰዓት አንድ እጅ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት፣ በአራተኛውም ሦስት፣ በአምስተኛው ሁለት፣ በስድስተኛው አንድ እጅ ይንቀሳቀሳል። በመካከለኛዎቹ ሁለት ሰዓታት ብቻ የውኃው ግማሽ ያልፋል ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ለስላሳ የነበረው ውኃ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሌላ ነው። ስሌቱ ሙላቱ በተስተካከለበት ባሕር ይሠራል፤ እንደ ኤደን ባለው ቦታ የአገሩን ሰንጠረዥና የአገሩን ሰው መጠየቅ የግድ ነው።

ሁለተኛው ሥራ አፍንጫን ከመድረሻው ከፍ አድርጎ መያዝ ነው። ውኃው ከጎን ሲገፋ ጀልባውን በቀጥታ ወደ መድረሻው ያዞረ ሰው ከመድረሻው በታች ይገኛል። የደሃና ሰው ተዳፋት ሲያቋርጥ እግሩን ከሚፈልገው ቦታ ከፍ አድርጎ እንደሚረግጠው ነው፤ ጠጠሩ የቀረውን ያወርደዋል። ከላይ ያነሣነው ጀልባ 30 ኪሎ ሜትሩን ለማቋረጥ አራት ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ውኃው በሰዓት በ5 ኪሎ ሜትር ከጎኑ ገፍቶ ቢቀጥል በዚያው ጊዜ ወደ 19 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይወስደዋል። አቅጣጫውን ጠብቀው ለመጓዝ መርከበኞች ዳርቻ ላይ ሁለት ምልክት መርጠው፣ አንዱን ከሌላው ኋላ አድርገው በአንድ መስመር ያያሉ። ይህን ስናነብ ነጭ ድንጋይዋና ግራሩ ትዝ አሉን። ትምህርት ቤት ያልገቡ አዛውንት ወንዝ ዳር ያሳዩን ዘዴ በባሕር ጉዞ መማሪያ ውስጥ ተጽፎ አገኘነው።

ሦስተኛው ነፋሱንና ውኃውን አንድ ላይ ማየት ነው። ጀልባ በቀጥታ ወደ ነፋሱ መሄድ አይችልም፤ የዋግ መኪና መንገድ ተራራውን እየተጠማዘዘ እንደሚወጣው ወዲያና ወዲህ እያለ ይወጣል። በጠባብ ቦታ ግን ለመጠማዘዝ ስፍራ የለም። ነፋሱና ውኃው በአንድ አቅጣጫ ሲሄዱ ባሕሩ ለጥ ይላል። ሲገጣጠሙ ግን ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ጀልባዎች የሚገለበጡትም ብዙ ጊዜ በዚያ ነው።

አራተኛው የመመለሻን ቦታ አስቀድሞ መወሰን ነው። «እስከዚህ ሰዓት እዚያች ደሴት ትይዩ ካልደረስን እንመለሳለን» ብሎ የተነሣ መርከበኛ ጉዞው መካከል ላይ ከራሱ ጋር አይከራከርም።

ይህ እውቀት ለሙስሊሙ ዓለም እንግዳ አይደለም። ኢብን ጁበይር በ579 ዓ.ሂ. (1183 እ.ኤ.አ.) ለሐጅ ሲሄድ ከአይዛብ ወደ ጅዳ የተሻገረው ሚስማር ባልነካቸው፣ ሳንቃቸው በኮኮነት ቃጫ በተሰፋ ጀልባዎች በአንዱ ነበር። ጉዞው እጅግ አስፈርቶታል፤ መርከበኞቹ ግን በባሕሩ ውስጥ ባሉ ዐለቶች መካከል በጠባቡ ሲያልፉ አይቶ ሙያቸውን አድንቆ ጽፏል። ከእሱ ሦስት መቶ ዓመት በኋላ የኖረው አሕመድ ኢብን ማጂድ አባቱም አያቱም የቀይ ባሕር መሪዎች ነበሩ፤ አባቱ «የሁለቱ ዳርቻዎች መሪ» ይባል ነበር። ኢብን ማጂድ የአባቶቹን እውቀት በራሱ ጉዞ እየመዘነ «ኪታብ አል-ፈዋኢድ»ን ጻፈ፤ ከኪታቡ አንዱን ሰፊ ክፍልም ለቀይ ባሕር ሰጠው። ሦስት ትውልድ አንድ ባሕር ተማረ። ልብ በሉ፣ ጥበቡ ሁሉ የተደረደረው ባሕሩ የሰው እንዳልሆነ ከማመን ላይ ነው።

«ሶሐቦችም ተሻግረዋል» ለሚሉ

በጀመዓችን ውስጥ ይህን ጉዳይ ስናነሣ የምንሰማው ክርክር አለ። «ሶሐቦችም እኮ በባሕር ተሰደዋል፤ ተወኩል ማድረግ ነው» ይባላል። ክርክሩ ከልብ የሚመጣ ስለሆነ በቁም ነገር መመለስ ይገባዋል።

አዎ፣ ተሻግረዋል። በነቢይነት 5ኛው ዓመት፣ በ615 እ.ኤ.አ.፣ በረጀብ ወር ዑስማን ኢብን ዐፋንና ባለቤታቸው ሩቀያ (ረዲየሏሁ ዐንሁማ) የነበሩበት የመጀመሪያው የሙሃጂሮች ቡድን ከመካ በስውር ወጣ። ወንዶቹ 11 ወይም 12፣ ሴቶቹ 4 ነበሩ። ሹዐይባ ወደብ ሲደርሱ ሁለት የነጋዴ መርከቦች አገኙ፤ በግማሽ ዲናር ተሳፍረው ወደ ሐበሻ ተሻገሩ። ቁረይሾች እስከ ዳርቻው ተከትለው ሲደርሱ መርከቦቹ ሄደው ነበር።

ሲራው የመዘገበውን እናስተውል። የተሳፈሩት በንግድ መርከብ ነው፤ ያን መንገድ የሚመላለሱ፣ ጭነታቸውንና ነፍሳቸውን በዚያው መርከብ ላይ የጫኑ ሰዎች መርከብ። መሪው ከተሳፋሪው ጋር ይሰምጣል ወይም ከተሳፋሪው ጋር ይደርሳል። ሲመለሱም በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብና (ረዲየሏሁ ዐንሁ) ጓደኞቻቸው ንጉሡ ባሰናዳላቸው ሁለት መርከቦች ነው የሄዱት።

ሌላም ታሪክ አለ፤ ቡኻሪ የዘገበው። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረዲየሏሁ ዐንሁ) ከሁለት ወንድሞቻቸውና ከሃምሳ ከሚበልጡ ወገኖቻቸው ጋር ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ፍለጋ ከየመን በመርከብ ተነሡ። መርከቧ ግን ሐበሻ አደረሰቻቸው። ከየመን ለተነሣ ሰው መዲና በሰሜን ነው፣ ሐበሻ በማዶ። እነዚያ ደጋግ ሰዎች ኒያቸው ጥሩ ነበር፣ መድረሻቸውም የተባረከ ነበር፤ ባሕሩ ግን ካሰቡት ሌላ ቦታ አወረዳቸው። ከጃዕፈር ጋር ተገናኝተው ቆይተው ኋላ አብረው ኸይበር ደረሱ። አላህ ኸይር አደረገላቸው። እኛ ግን ከዚህ የምንማረው ጥሩ ኒያ ውኃውን እንደማይለውጠው ነው።

ዑለሞችም ባሕሩ በሚናወጥበት ጊዜ መሳፈርን ከልክለዋል። ተወኩል ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሁላችንም የግመሏን ሐዲስ እንጠቅሳለን። መጀመሪያ ማሰር፣ ከዚያ መመካት ነው። በባሕር ላይ የማሰሪያው ገመድ ሰዓቱን ማወቅ ነው።

የተሸጠችው ሰዓት

እንግዲህ ለወጣቱ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ባሕሩ በአንድ በኩል እንደ ወንዙ ነው። ጠባቡ ያታልላል፣ ላይኛው አገር የዘነበው እዚህ ይደርሳል፣ የሚጠብቅ ይሻገራል። የዋግ ሰው ገደል ለገደል ተያይቶ ሰላምታ ይለዋወጣል፤ ለመገናኘት ግን ግማሽ ቀን ወርዶ ግማሽ ቀን ይወጣል። ስለዚህ ማዶን ማየትና ማዶ መድረስ ለየቅል መሆኑን ከደሃና ሰው የተሻለ የሚያውቅ የለም። የሰርጡ ስፋት ጠዋት ተነሥቶ ማታ እንደሚደረስበት የገበያ መንገድ ነው። «ቅርብ ነው» የሚሉት ደላሎች አልዋሹም፤ ያልተናገሩት በመካከል ያለው መሬት የሚሮጥ መሆኑን ነው።

በሌላ በኩል ግን ባሕሩ እንደ ወንዙ አይደለም። ወንዙ ዳር ድንጋይ ደርድሮ የሚጠብቅ፣ «ገና ነው» የሚል ሰው ነበረ። እኛም መጠበቅ እንችል ነበር። ኦቦክ ላይ የሚሳፈር ሰው የሚከፍለው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ሰዓቱንም ጭምር አሳልፎ ይሰጣል። መቼ እንደሚነሡ፣ ስንት ሰው እንደሚጫን፣ መመለስ ይገባ እንደሆነ የሚወስነው ሌላ ነው። ያ ሰው ደግሞ ሰዓቱን የሚመርጠው ውኃው ስላረፈ ሳይሆን ጠባቂ ስለሌለ ነው፤ ስለዚህ ጉዞው በሌሊት ይሆናል። ምልክት አይታይም። ጀልባው ከልክ በላይ ስለሚጫን ጠርዙ ከውኃው ብዙ ከፍ አይልም። ዛሬ በሸራ ፋንታ ሞተር አለ፤ ነገር ግን ሞተር ውኃውን አያስቆመውም፣ ነፋስና ፍሰት ሲጋጩ የሚነሣውንም ማዕበል አያስተኛውም። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ሸራ እንኳ የለም።

ቁጥሮቹ ከባድ ናቸው። የዓለም አቀፉ የፍልሰተኞች ድርጅት እንዳስታወቀው በ2024 እ.ኤ.አ. የመን የገቡ ስደተኞች ከ60,000 በላይ ነበሩ፤ አብዛኞቹም ኢትዮጵያውያን። በዚያው ዓመት በሰኔ ከሶማሊያ ተነሥቶ 260 ሰዎች የጫነ ጀልባ የመን ዳርቻ ላይ ተገልብጦ 49 ሰዎች ሞቱ፤ 140 ጠፉ። በጥቅምት መጀመሪያ ከየመን ሲመለሱ የነበሩ ሰዎች የጫኑ ሁለት ጀልባዎች ኦቦክ አጠገብ፣ ከዳርቻው ብዙም ሳይርቁ አደጋ ደርሶባቸው 45 ሰዎች ሞቱ። በ2025 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ወር ደግሞ የመን አብያን ዳርቻ ከ90 በላይ ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ የአገራችን ልጆች ነበሩ። ሁሉም እናት ነበራቸው። አላህ ቤተሰቦቻቸውን ያጽናናቸው።

እኛ ምን እናድርግ?

ከመኝታ ክፍላችን ሆነን «አትሂድ» ማለት ይቀላል። ዋግ ባለፉት ዓመታት ድርቅም ጦርነትም ያለፈበት አገር ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ከመቶ 50 እና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። እኛ እዚህ የተቀመጥነው ከጥቂቶቹ ስለሆንን ነው፤ መጻሕፍታችንን ተሸክሞ ያሻገረን ልጅ ከብዙዎቹ ነው። በመካከላችን ያለው ልዩነት ጥቂት ነጥብ ነው፤ ይህን ሳንረሳ ነው ስለ ባሕሩ የምንናገረው።

የጻፍነውን መልስ በሁለት ገጽ አሳጥረን ወደ ደሃና ልከንለታል። ባሕሩን ለማስፈራሪያ አልተጠቀምንበትም፤ እንዴት እንደሚሠራ ነው የገለጽንለት። የፈራ ሰው ደፋር ጓደኛ ሲያገኝ ፍርሃቱ ይለቀዋል፤ ያወቀ ሰው ግን እውቀቱን ማንም አይወስድበትም። በመጨረሻም ለማንኛውም ደላላ ሊያቀርባቸው የሚገቡ አራት ጥያቄዎችን ጻፍንለት። የምንነሣበትን ሰዓት የሚመርጠው ማነው፣ በምንስ ይመርጠዋል? ጀልባው የተሠራው ለስንት ሰው ነው፣ የሚጫነውስ ስንት ነው? ባሕሩ ቢከፋ ወዴት እንመለሳለን? አንተስ አብረኸን ትሳፈራለህ? ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ መልስ የሌለው ሰው መርከበኛ አይደለም።

ሌላ መንገድ መኖሩንም አልሸሸግነውም። ፈቃድ ባላቸው ኤጀንሲዎች በኩል ለሥራ ወደ ውጭ የመሄጃ ሕጋዊ መንገድ አለ። ረጅም ነው፣ ያሰለቻል፤ ወረቀት ይበዛበታል። ግን ሦስተኛው ድንጋይ እስኪገለጥ መጠበቅ ማለት ይህ ነው። ፈተናውን በግል ደግሞ ለመውሰድ የሚፈልጉትን ለማገዝም ከጀመዓው ጋር ተስማምተናል። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል መጻሕፍት፣ የቆዩ የፈተና ወረቀቶችና ማስታወሻዎች ያላችሁ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ለጀመዓው ቢሮ አስረክቡ፤ ወደ አምደወርቅ የሚሄድ ሰው ሲገኝ እንልካለን፣ ኢንሻ አላህ።

የዕረፍቱ ጊዜ ቀርቧል። ወደ ዋግ፣ ወደ ወሎ፣ ወደ ጂማ፣ ወደ ሐረርጌ የምትሄዱ እህቶችና ወንድሞች በየቤታችሁ፣ በየመንደራችሁ ለመነሣት ሻንጣውን ያሰናዳ እኩያ ታገኛላችሁ። ተቀምጣችሁ አውሩት። ከእሱ በላይ እንደምታውቁ ሆናችሁ ሳይሆን፣ ወንዝ ዳር እንደተቀመጠ ሰው ጊዜ ሰጥታችሁ። በዚያ ሳምንት ጨረቃዋ ስንተኛ ቀኗ እንደሆነ ጠይቁት፤ ወሬውን ከዚያ ጀምሩት።

አላህ በየብስም በባሕርም ያሉትን ይጠብቅ፤ በመንገድ ላይ ላሉት ሰላም ያውርድላቸው፤ ባሕር ለበላቸውም ይማራቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።